የብሩሹ ድሪቶ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለወንድሜ ሚስት፣ ለእህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝ። በስልክ ብንጫወት ይቀል ነበር፤ ግን ስንደዋወል ተላቅሰን ነው የምንዘጋው። በጽሑፍ ቢያንስ አንዳችን እስክንጨርስ ሌላችን ዝም እንላለን ብዬ ነው።

ወንድሜ ካረፈ ዓመት ሊደፍን ነው። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬሻለሁ፤ እውነቴን ነው። የሆቴል አንሶላ የምናጥብበት ምድር ቤት ውስጥ ሰው ሞተ ተብሎ ማሽን አይቆምም። እሱ አፈር ሲገባ እኔ ፎጣ ሳጥፍ ዋልኩ።

ይልቅ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከምኖርበት ቤት ጀርባ የሰፈር አዳራሽ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች እየተሰበሰቡ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። እኛ ድሪቶ የምንለውን ማለቴ ነው! አትሳቂ። እዚህ ድሪቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ዳኛ ይቀመጥለታል፣ ይሸለማል። እኔም ገብቻለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጡረተኛ ነርስ ስፌቴን አይታ፣ «ይሄማ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ከፔርሙዟ ሻይ ግን ታካፍለኛለች። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ሰው ሻይ ሲቀዳልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በየዓመቱ ትልቅ ትርኢት አላቸው። አልጋ ሙሉ በሚያለብስ ሥራ የሚወዳደር አለ፣ በትንንሹ የሚወዳደር አለ፣ በሁለት ቀለም ብቻ ስፉ የሚባልበትም አለ። ከዚያ ሌላ ልዩ ክፍል አለ፤ የዘንድሮው ርዕስ «የለበሰው ሰው» ነው። ሥራው ከአንድ ሰው ልብስ ብቻ የተሰፋ መሆን አለበት። ርዕሱ ሲነበብ ወንድሜ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ከእነቱታው፣ ከእነቀለም ባልዲው። ሰፈሩ ሁሉ «ብሩሹ» ሲለው እንዴት ደስ ይለው እንደነበር ታስታውሻለሽ?

እባክሽ ሁለት ሦስት ሸሚዝ ላኪልኝ። ያረጀውን፣ ቀለም የነካውን። በገዛ እጄ ልስፋለት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ

ኅዳር 21

ይድረስ ለእትዬ፤

ባለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናና ዕድሜ ከላይ ይታዘዝልሽ። እኛ ደህና ነን፤ እማማም ከዓይናቸው በቀር በርትተዋል።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ስፌት ቤቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብሎ ወገባችን እስኪቆረጥ እየሰፋን ነው። ግማሹ ግን መልሱ ከብዶኝ ነው። የብሩሹ ልብስ የለም እትዬ። ማለቴ እንደ ልብስ የለም።

ካረፈ በኋላ «ለተቸገረ ስጪው» ያላለኝ ሰው የለም። አንጀቴ እምቢ አለኝ። ቁም ሳጥኑን ስከፍተው ደግሞ ሽታው ሲመጣ መልሼ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን መቀሴን አነሳሁና ሁሉንም ቆራረጥኩት። ቱታዎቹን፣ ሸሚዞቹን፣ ያቺን የሰርጋችንን ባለመስመሯን ሳይቀር። ከዚያ መልሼ ገጣጠምኩት። መኪና አላስነካሁትም፤ በመርፌ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ። ኪሶቹን እንዳሉ ተውኳቸው። የቀለም ጠብታዎቹንም አልነካሁም።

አሁን የሚለብሱት እማማ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በጣታቸው ነው የሚያዩት። ደርቆ ጠጥሮ የቀረውን የቀለም ጠብታ እየፈለጉ፣ «ይቺ የፋርማሲው በር ናት፤ ይቺ የአስተማሪው ሳሎን» ይሉኛል። ልክ ይሁኑ አይሁኑ እኔ እንጃ። የቀለም ማቅጠኛው ሽታ አለቀቀውም፤ እሱን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው።

ደብዳቤሽን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ላኪላት» አሉ።

«እርስዎስ ምን ይለብሳሉ?»

«እኔ ልጄን አቅፌ ሸኝቼዋለሁ። እሷ ፊቱን አላየችም። ትልበሰውና ትመልሰው።»

ቃላቸውን ማጠፍ አልቻልኩም፤ በዚህ ሳምንት እልከዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። ትርኢቱ እንዳለቀ መልሺልን። ደግሞ ውሃ አታስነኪው። አደራሽን እትዬ፣ ውሃ አታስነኪው።

የወንድምሽ ሚስት

ጥር 9

ይድረስ ለእህቴ፤

የላክሽው በሰላም ደርሷል። ካርቶኑን ስቀደው ወንድሜ ከሥራ የገባ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። የላይኛው ቤት ሰውዬ «ዝም በይ» ሲል ወለሉን በመጥረጊያ መታብኝ፤ እኔ ግድም አልሰጠኝ። እጅሽ ይባረክ። እማዬንም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ቅዳሜ አዳራሽ ይዤው ሄድኩ። ስዘረጋው ሁሉም ከወንበሩ ተነሳ። ነርሷ አፏን ይዛ ቀረች። ጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው አንዷ ኪሱን ስታሳይ፣ አንዷ ጉልበቱ ላይ የሳሳውን ስታሳይ፣ አልቅሰው አስለቀሱኝ። እህቴ፣ እኔ እዚህ አገር አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለ«የለበሰው ሰው» ተመዝግቧል። ምዝገባው እንደ ፈተና ነው። የሚቀበሉት ሰዎች ነጭ ጓንት አድርገው ይገለብጡታል፣ በመብራት ያዩታል፣ ያሸቱታል እንኳ። የጭስ ወይም የምንም ሽታ ያለበት ሥራ ይመለሳል። እሱ ችግር የለውም፤ ተስተካክሏል።

ትርኢቱ የካቲት መጨረሻ ነው። ምን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ።

እዚያ ብርዱ እንዴት ነው? እማዬ ሌላ የምትለብሰው እንዳላት አውቃለሁ።

እህትሽ

መጋቢት 2

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

ትርኢቱ አልፏል ብዬ ነው የምጽፈው። እንዴት ሆነ? ሰው አየው? እማማ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም የምመልሰው ስለሌለኝ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ።

አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቼላቸው ነበር፤ ወፍራም ነው፣ ይሞቃል። እግራቸው ሥር አጥፈው አስቀመጡት። «እንግዳ ሲመጣ ይለብሰዋል» አሉኝ። እሳቸው የእኔን ነጠላ ደርበው ነው የሚተኙት። ጣታቸው ግን አያርፍም፤ ነጠላው ላይ ሲዳብሱ ያድራሉ። ስለ እንቅልፋቸው ብዙ አልጽፍም፤ ሆድ ይፍጀው።

መቼ እንደምትልኪው ብቻ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ሚስት

መጋቢት 27

ይድረስ ለእህቴ፤

እልል በይ! አንደኛ ወጣ!

እንዲህ ያለ አዳራሽ በዓይንሽ ብታዪ። ጣሪያው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሥራዎቹ ከዘንግ ላይ ተሰቅለው ሰው በመሃላቸው እንደ መንገድ ይሄዳል። አንዱ ጥግ አበባ ብቻ፣ አንዱ ጥግ ልጆች የሰፉት፣ አንዱ ጥግ በምሳ ሰዓት ብቻ የተሰፋ ተብሎ የቀልድ ውድድር። የ«የለበሰው ሰው» ክፍል መሃል ላይ ነበር። የወታደር ልብስ አለ፣ የሕፃን ልብስ አለ፣ የሙሽራ ቀሚስ አለ። ሰው ግን ተሰብስቦ የቆመው ወንድሜ ጋ ነው። ዳኛዋ የአሸናፊነት ጥብጣቡን ስትሰካው ነርሷ ጥምጥም ብላ አቀፈችኝ። ፎቶግራፌን መግቢያው ላይ ለጠፉት። ምድር ቤት «አንቺ» እየተባልኩ የምጠራ ሰው ነኝ፤ እዚያ ሰው በሙሉ ስሜ ሲጠራኝ ማንን ነው የሚሉት ብዬ ዞርኩ።

አሁን ሥራው ወደ ሌሎች ሦስት ከተሞች ይዞራል። ያሸነፈ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ሕጉ ነው፣ እኔ አልወሰንኩም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። እማዬን «ብሩሹን አገር እያየው ነው» በያት፤ ደስ ይላታል።

ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመጪው ዓመት ርዕስ «እናቴ» ነው። ከእማዬ ቀሚሶች አንድ ሥራ፣ ትንሽዬም ብትሆን፣ ብትጀምሪልኝ? ያቺ አረንጓዴዋና ባለአበባዋ ብትገባበት ያምራል። ሰው ከእኔ ይጠብቃል።

የአጎታችን ልጅ ሹፌሩ ከሌላ ከተማ መጥቶ ትርኢቱን አይቶ ነበር። ምላሱ ረጅም እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሚነግርሽ ነገር ካለ አትስሚው።

እህትሽ

ሚያዝያ 8

ይድረስ ለእትዬ፤

ጤና ይስጥሽ።

ሹፌሩ ደውሎልኛል። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው የደወለው፤ ስለዚህ አትስሚው ያልሽው ዘግይቶብኛል።

የነገረኝን ሳልጨምር እነግርሻለሁ፤ የተሳሳተ ካለ አርሚኝ። በተሰበሰበው ሰው መሃል ቆመሽ ታስረጂ ነበር አለ። በወጥ ቤትሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ እንደቆረጥሽው፣ መቀሱ እንዴት አልንቀሳቀስ እንዳለሽ፣ የሰርጉን ሸሚዝ መጨረሻ እንዳስቀረሽ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር አለ። እሱም መጀመሪያ አብሮ አለቀሰ። ከዚያ ጠጋ ብሎ በቋንቋችን፣ «ይሄ የብሩሹ ሚስት የሰፋችው አይደለም እንዴ?» አለሽ። አንቺ ደግሞ ፈገግታሽን ሳትለቂ፣ «ኋላ እናወራለን፤ አሁን ሰው ፊት አታዋርደኝ» አልሽው። ኋላም አላወራሽውም።

እትዬ፣ ጥብጣብ ፈልጌ አይደለም። እኔ በቀን ስንት ኮሌታ የምሰፋ ሰው ነኝ፤ ስሜ የተጻፈበት አንድም የለም፤ ከፍቶኝም አያውቅ። ግን መቀሱ እምቢ ያለኝ እኔን ነው። ያንን ለአንቺ ብዬ አልተናገርኩትም፤ እማማ በስልክ ሲነግሩሽ ሰምተሽ ይሆናል። የባሌን ልብስ አውሼሻለሁ፤ ሐዘኔን አላዋስኩሽም።

የማን ስም ነው ሥሩ የተጻፈው? ይህን ብቻ በአጭሩ መልሺልኝ።

ስለ እማማ ቀሚስ ላልሽው፣ አረንጓዴዋም ባለአበባዋም ገና በላያቸው ላይ ናቸው። እየተፈራረቁ ይለብሷቸዋል። ምን አውልቄ ልቁረጥልሽ?

ለእማማ ምንም አልነገርኳቸውም። «አገር እያየ ነው» ብያቸዋለሁ፤ እንዳልሽው ደስ ብሏቸዋል። መልሺልን።

የወንድምሽ ሚስት

ሰኔ 29

ይድረስ ለብሩሹ ሚስት፤

ይህን ያህል ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ስንት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የእኔ ስም ነበር። ልመዘግብ ስቆም ልጅቷ ቀና ሳትል፣ «ማን ሠራው?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። «የወንድሜ ሚስት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «እኔ» አለ አፌ። በዚያው ቀረ። አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ ስል ነርሷ ያንን ሁሉ ሰው አምጥታ፣ «ጓደኛዬ ናት የሠራችው» እያለች ታስተዋውቀኛለች። ጓደኛዬ! ከዚያ እንዴት ልመለስ?

በሁለተኛው ከተማ መድረክ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሰው እያየ ስፊ፣ አስተምሪ አሉኝ። ዋናዋ ዳኛ አሮጊት ናት፤ እጄን አየች፣ ተነስታ የሥራውን ጀርባ ገለበጠች፣ እንደገና እጄን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ይሄን የሰፋችው ግራኝ ናት፤ ስፌቱ ሁሉ ወደዚያ ነው የተጋደመው» አለችኝ። ሰው ግን ሰማ። እዚያው ጥብጣቡን ነቀለችው። ማንም አልጮኸብኝም። ነርሷ ወንበሯን ራቅ አደረገች፤ ያ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ሹፌሩ ወይ አንቺ ነግራችሁብኝ ነው ብዬ ስረግማችሁ ከረምኩ። ኋላ ነው የገባኝ። ግራኝ ነሽ ለካ። ስንት ዓመት አንድ ገበታ ቀርበን፣ ረስቼው ነበር።

ይቅርታ ልልሽ ነበር የተቀመጥኩት። ግን ልንገርሽ፣ ተናድጄብሻለሁ። አንቺ ቤት አለሽ። እማዬ አለችልሽ። ስትወጪ ስትገቢ «የብሩሹ ሚስት» የሚልሽ ሰፈር አለሽ። የሞተውም ባንቺ እጅ ላይ ነው የሞተው። እኔ ቅዳሜ ብቻ ነበረኝ። ትንሽ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት? አንድ ወረቀት ላይ «ለእሷ ሰጥቻታለሁ» ብለሽ ብትጽፊልኝ ኖሮ ዳኛዋ ፊት የማሳየው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ብርድ ልብሱን ዛሬ ልኬዋለሁ። ንጹሕ ነው። ንጹሕ ካልሆነ አይቀበሉም ነበር፤ ስለዚህ ያኔ ገና ሲመጣ ሥራ ቦታ በማሽን አጠብኩት፤ ጠብታዎቹንም ፍቄ አነሳሁ። ከነበረበት በጣም ያምራል። ስታዪው ደስ ይልሻል።

እማዬን ሳሚልኝ። ምን ትያታለሽ?

እህትሽ

ነሐሴ 14

ይድረስ ለባለቤቴ እህት፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? የላኩት ዕቃ ደርሷል።

እንዴት እንደደረሰ ማወቅ መብትዎ ነው፤ ስለዚህ እጽፍልዎታለሁ። ከፖስታ ቤት ስመለስ እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ፀጉራቸውን አስበጥረዋል። «አመጣሽው?» አሉኝ። ካርቶኑን ስከፍተው ሳሙና ሸተተኝ። ጥሩ ሳሙና ነው፣ እንግዳ ቤት እንግዳ ቤት ይላል። ጠብታዎቹ የነበሩበት ቦታ ለስልሷል፤ የፋቁበት ቢላ ሁለት ቦታ ክሩን በጥሶታል። ሳይቀድሙኝ ላጥፈው አሰብኩ፤ እማማ ግን እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

ተቀበሉኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ሄዱበት። ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። እንደገና ዳሰሱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የብሩሹ ነው እማማ።»

«አይደለም።»

«ነው እማማ፤ እኔው ነኝ የሰፋሁት።»

«ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው እጄ አልደከመም። ይሄ የሰው ዕቃ ነው።» አጥፈው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። «ያን ሁሉ ሰው ባለበት አዳራሽ ተቀያይሮባት ነው። ልጄ ስትሰማ ትደነግጣለች፤ ጽፈሽ እንዳትቆጫት። ባለቤቱም እያለቀሰ ይሆናል፤ ቶሎ መልሺው።»

ይኸው አልተቆጣሁም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ትክክለኛውን እየጠበቁ ነው። ጠዋት ስወጣ፣ «በፖስታ ቤት በኩል እለፊ» ይሉኛል። እኔም አልፋለሁ፤ «አልፌያለሁ» ማለቴ ውሸት እንዳይሆንብኝ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። አንድ ሌሊት እኔ ለበስኩት። ሞቀኝ። ሌላ ግን ምንም አልነበረበትም። አሁን ስፌት ቤት ወስጄ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አንጥፌዋለሁ፤ ጥጡ ወፍራም ስለሆነ ለሥራ ተመችቷል። ልጃገረዶቹ የማን እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ ተሸልሞ የመጣ ነው ስላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ትንሽ ብትተዪልኝ ብለዋል። አስቤበታለሁ። ስምዎን ብቻ ጽፈውበት ቢሆን ኖሮ እተውልዎ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ የእህት ስም የወንድም ልብስ ላይ ቢጻፍ ማንን ይጎዳል? ብቸኝነትዎም ገብቶኛል፤ ሹፌሩ የሚኖሩበትን ክፍል ሲነግረኝ ሆዴ ባብቷል። ግን ከሁሉ በላይ አደራ ያልኩዎት አንድ ነገር ነበር። ሽታው ማንን እንደሚያስተኛ ጽፌልዎት ነበር። አንብበው ነው ማሽን ውስጥ የከተቱት።

ከእንግዲህ ለእናትዎ ይጻፉ። ደብዳቤዎ ሲመጣ ፊታቸው ይበራል፤ ያንን አልከለክላቸውም። ስለ ብርድ ልብሱ ጠፋ አይበሏቸው፣ ተገኘም አይበሏቸው። ስለ ሥራዎ፣ ስለ አየሩ፣ ስለሚያዩት ሰው ይጻፉላቸው። ቃል ሳላጎድል ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ መልስ ሲያስጽፉኝም እንዳሉት እጽፋለሁ። «ልጄ» ይሉዎታል፤ እሱንም እጽፋለሁ።

ለእኔ ግን አይጻፉ። ሰላምታም አያስገቡበት፤ እሳቸው ፊት ማንበብ ይቸግረኛል።

የወንድምዎ ሚስት የነበርኩት